እውነተኛ ባለ ራእይ የሥራ መሪ ማን ነው?

«ራእይ» የሚለው ቃል «ርእየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም «አየ፣ ተመለከተ» ማለት መሆኑን የግእዝ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ቀድሞ ይነገር የነበረው ስለ ነቢያትና ስለ ቅዱሳን ነበር። ዛሬ ግን ወደ ገበያና ወደ መሥሪያ ቤት ወርዶ፣ ፎቅ ያሠራውም፣ አዲስ ዕቃ ያስመጣውም፣ ገንዘቡን በአጭር ጊዜ እጥፍ ያደረገውም ሁሉ «ባለ ራእይ ነጋዴ» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ልጅ በቤቱ ሲመሰገን የሰማውን ሰው መምሰል ይወዳልና፣ በማዕድ ዙሪያ ማንን «ባለ ራእይ» ብለን እንደምናመሰግን ልንጠነቀቅ ይገባናል። ስለዚህ አንድን የሥራ መሪ በእውነት ባለ ራእይ የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ፣ የአንድን ሰው ሕይወትና ሥራ አስረጅ አድርገን ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሕልም፣ ብልሃትና ራእይ

አስቀድመን ሦስቱን ነገሮች እንለያቸው። ሕልም ያለው ሰው ይመኛል፤ ብልሃት ያለው ሰው አዲስ ነገር ያወጣል፤ ራእይ ያለው ሰው ግን የሰውን ችግር አይቶ መውጫውን መንገድ ይሠራል።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዮሴፍን ታሪክ እናስታውስ። የፈርዖንን ሕልም መፍታቱ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ይሁን እንጂ ግብፅን ከረኃብ ያዳናት ፍቺው ብቻ አልነበረም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲሰበሰብ፣ እህሉ በየከተማው እንዲከማች፣ በላዩም ሹማምንት እንዲቆሙ መክሮ በማስፈጸሙ ነው። በረኃቡም ዘመን ጎተራውን ከፍቶ ያለ ሥርዓት አልበተነውም፤ በሒሳብ ሸጠው እንጂ። ራእዩ ጎተራ ባይኖረው ኖሮ ያማረ ሕልም ሆኖ በቀረ ነበር።

ብልሃትም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ የፎቶግራፍ ኩባንያ ምስክር ነው። ያለ ፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 ዓ.ም. የሠራው የዚሁ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ኩባንያው ግን ዋና ትርፉ ከፊልም ሽያጭ ይገኝ ስለ ነበር፣ በገዛ ቤቱ የተወለደውን ነገር በሙሉ ልቡ ሊከተለው አልወደደም። ሌሎች ቀደሙት፤ በ2012 ዓ.ም.ም ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለመለመን ፍርድ ቤት ቀረበ። ዐይኑ አይቶ ነበር፤ ልቡ ግን የለመደውን ትርፍ አልለቀቀም።

ጣቶቻቸው የተጣመሙ ሐኪም

አሁን ወደ አስረጃችን እንምጣ። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ በ1918 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ምድር፣ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በመንደራቸው ወረቀትና እርሳስ ስላልነበረ ፊደል የቈጠሩት በአሸዋ ላይ እየጻፉ ነበር። ከዘመዶቻቸው መካከል ሦስት ወጣት ሴቶች በወሊድ ምክንያት ሲሞቱ አይተው፣ እናቶችን የሚያዋልድ ሐኪም ለመሆን ቈረጡ። በ1944 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በጦር ሠራዊት ውስጥ በማገልገል ላይ ሳሉ ግን ብርቱ የመገጣጠሚያ በሽታ ያዛቸው። ከአንድ ዓመት በላይ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ጣቶቻቸውም ተጣመው ቀሩ፤ የተመኙትም ሙያ ከእጃቸው ወጣ።

እሳቸው ግን ወደ ዐይን ሕክምና ዞሩ። በተጣመሙት ጣቶቻቸው የሐኪም ምላጭ መያዝን እንደ ሕፃን እንደ ገና ተማሩ፤ በዕድሜያቸውም ከ100,000 በላይ የዐይን ቀዶ ሕክምና በገዛ እጃቸው አከናወኑ። በመንግሥት ሆስፒታልና በሕክምና ትምህርት ቤት ሲያገለግሉ ኖረው በ1976 ዓ.ም.፣ በ58 ዓመታቸው፣ ጡረታ ወጡ።

ብዙ ሰው «እንግዲህ ዕረፍት ነው» በሚልበት ዕድሜ እሳቸው ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በሕንድ አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በዐይን ሞራ ታውሮ ይኖር ነበር። የዐይን ሞራ ማለት በዐይን ውስጥ ብርሃንን የሚያሳልፈው ሌንስ ደፍርሶ እንደ ጭጋግ ሲጋርድ ነው፤ በአጭር ቀዶ ሕክምናም ሊወገድ ይችላል። እንግዲያውስ ይህ ሁሉ ሕዝብ በጨለማ የተቀመጠው መድኃኒቱ ጠፍቶ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ወደ እርሱ የሚደርስበት መንገድ ጠፍቶ ነው እንጂ። ዶክተሩ ያዩት ይህንን ነበር። ባንክ ሊያበድራቸው ስላልፈቀደ ቤታቸውን በመያዣ አስይዘው፣ ቤተ ሰቡም ጌጣጌጡን ሳይቀር አስይዞ፣ በማዱራይ ከተማ 11 አልጋ ያለው ሆስፒታል ከፈቱ። ስድስቱ አልጋዎች በነጻ ለሚታከሙ፣ አምስቱ ለሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ። ስሙንም «አራቪንድ» አሉት። የዐይን ሐኪሞች የነበሩት እኅታቸውና የእኅታቸው ባልም ጉልበታቸውን ሳይሰስቱ አብረዋቸው ደከሙ።

ምሕረትና ሒሳብ በአንድ ቤት

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የነጋዴን ልብ የሚማርክ ነው። ዶክተር ቬንካታስዋሚ በአሜሪካ ማክዶናልድ የተባለውን ምግብ ቤት አሠራር ተመልክተው ነበር። በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ ተመሳሳዩን ምግብ፣ በተመሳሳይ ጥራት፣ በፍጥነትና በርካሽ ዋጋ ሲያቀርብ አይተው፣ «እንጀራ በዚህ ሥርዓት የሚቀርብ ከሆነ የዐይን ብርሃን ስለ ምን አይቀርብም?» በማለት ዓይነት አሰቡ። ሌላው ሰው ምሳውን በልቶ በወጣበት ቤት እሳቸው ለዕውሮች መንገድ አገኙ።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ለአንድ ሐኪም ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ይዘጋጃል። ሐኪሙ በአንደኛው ላይ ያለውን ሕመምተኛ ሲያክም በሁለተኛው ላይ ያለው ተሰናድቶ ይጠብቃል፤ አንዱን እንደ ፈጸመ ወደ ሌላው ይዞራል። ሕመምተኛውን የሚያሰናዱት፣ ዐይኑን የሚለኩት፣ በኋላም የሚያስታምሙት በአብዛኛው ከገጠር መንደሮች ተመርጠው በሆስፒታሉ ውስጥ የተማሩ ልጃገረዶች ናቸው። በዚህም ምክንያት የሐኪሙ ጊዜ ሐኪም ብቻ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ይውላል፤ የአንዱ ሕመምተኛ ወጪም በእጅጉ ያንሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የክፍያው ነገር ነው። የሚከፍል ሰው ይከፍላል፤ ከእርሱ የተረፈውም ገንዘብ የማይከፍለውን ያሳክማል። የሚከፍለው የተሻለ ክፍልና አልጋ ያገኛል፤ በነጻ የሚታከመውም በብዙ ሰው መካከል ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ዐይናቸውን የሚያክመው ሐኪም ግን አንድ ነው። ደግሞም «ድኻ መሆንህን የሚመሰክር ወረቀት አምጣ» የሚል ዘበኛ በበሩ አልቆመም፤ እከፍላለሁ ወይም አልከፍልም የሚለውን ሕመምተኛው ራሱ ይመርጣል። በዚህ ዓይነት ሆስፒታሉ ዘወትር የሰው እጅ ሳይጠብቅ ከገዛ ገቢው እየተዳደረ አድጓል።

በነጻ መታከም ብቻውን እንደማይበቃም ቶሎ ተረዱ። በየመንደሩ ምርመራ ተደርጎ «በነጻ እናክምሃለን» የተባለው ድኻ ብዙ ጊዜ አይመጣም ነበር። ለምን ቢባል፣ የአውቶቡስ ዋጋ የለውም፤ ስንቅ የለውም፤ እጁን ይዞ የሚመራው ልጅም የቀን ሥራውን ሊተው ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ መጓጓዣውንና ምግቡን ጨምሮ መስጠት ጀመረ፤ ሰዎቹንም ከአንድ መንደር በአንድነት ወስዶ በአንድነት ይመልሳቸው ጀመር።

ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው። ሞራው ከወጣ በኋላ በዐይን ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ሌንስ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ነበረ፣ የአንዱ ዋጋ ከመቶ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ይህ ለድኻ የማይቀመስ ነው። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. ኦሮላብ የተባለ ፋብሪካ አቋቁመው ሌንሱን በአገራቸው ማምረት ጀመሩ፤ ዋጋውም ወደ አሥር ዶላር ያህል ወረደ። ዛሬ ከዚያ ፋብሪካ የሚወጣው ሌንስ ከመቶ ወደሚበልጡ አገሮች ይላካል።

ሦስት ምልክቶች

ከዚህ ታሪክ የእውነተኛ ባለ ራእይ ምልክቶች ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን።

አንደኛው፣ ሌላው ነጋዴ ከሒሳቡ ያወጣውን ሰው ማየት ነው። ብልጥ ነጋዴ ገንዘብ ያለውን ሰው ከሩቅ ያየዋል፤ ባለ ራእይ ግን ገንዘብ የሌለውን በቅርብ ያየዋል፤ ለዚያም ሰው የሚስማማ ዋጋና መንገድ እስኪያገኝ ድረስ አይተኛም።

ሁለተኛው፣ ምሕረትን በሥርዓት ማቆም ነው። ልግስና ያለ ሒሳብ የአንድ ሰሞን ዝናብ ነው፤ ሒሳብም ያለ ልግስና ደረቅ ጕድጓድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የማይደርቅ ምንጭ ይሆናሉ። «ጽድቅ ከሆነ ለምን ያስከፍላሉ?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ከፋዩ ባይኖር የማይከፍለውን ማን ባሳከመው ነበር ብለን እንጠይቀዋለን።

ሦስተኛው፣ ሥራውን ከራሱ ዕድሜ አሳልፎ መትከል ነው። ሆስፒታሉ የአሠራሩን ምስጢር አልሸሸገም፤ በ1992 ዓ.ም. የማሠልጠኛ ተቋም አቋቁሞ የሌሎችን ሆስፒታሎች ሠራተኞች ማስተማር ጀመረ። መሥራቹ በ2006 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ዛሬም በየዓመቱ በመቶ ሺህ ለሚቈጠሩ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በነጻ ወይም በጣም በቀነሰ ዋጋ የሚታከሙ ናቸው። መሪው ሲሞት አብሮ የሚሞት ሥራ የመሪው ጥላ ነበረ እንጂ ራእይ አልነበረም።

ምናልባት «እኚህ ሰው የእኛን ሃይማኖት የሚከተሉ አይደሉም፤ ሆስፒታሉንም የሰየሙት ስሪ ኦሮቢንዶ በተባሉ የሕንድ መምህር ስም ነው፤ ታዲያ ስለ ምን በዚህ መጽሔት ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በምሳሌ ባስተማረ ጊዜ ካህኑና ሌዋዊው ሲያልፉ ቆስሎ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊው መሆኑን እናስታውሰው። ያ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጌታም ዲናር ከፍሎ፣ የሚጨመረውን ወጪ ሲመለስ ሊከፍል ተዋውሎ ነው። እምነታችን ቀና ሲሆን በሥራ ሌላው እንዲቀድመን ማድረግ ሊያሳፍረን ይገባል እንጂ የቀደመንን ማመስገን አያሳፍረንም።

በእኛ ቤት

ይህ ነገር ከቤታችን የራቀ አይደለም። በአገራችን በ2005ና በ2006 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ከሕዝቡ መካከል ከመቶው 1.6 የሚሆነው ብርሃኑን ያጣ ነው፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዐይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት በየሰፈሩና በየደብሩ ታክመው ማየት ሲችሉ በጨለማ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች አሉ ማለት ነው። እኛም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለን እጃቸውን ይዘን ቤተ ክርስቲያን እናደርሳቸዋለን፤ ጥጥ ሲፈትሉ የነበሩት እናት እንዝርታቸውን አስቀምጠው በምድጃ ዳር ሲውሉ ዝም እንላለን። ጠበል መውሰዳችን መልካም ነው፤ ጠበሉ ግን ሐኪሙን አልከለከለም። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። እርግጥ፣ የዐይን መጨለም ሁሉ ከሞራ የመጣ አይደለም፤ እንደ ግላኮማ ያለውም ብርሃንን አንድ ጊዜ ከወሰደ አይመልስም። ስለዚህ ነው ቶሎ ወደ ሐኪም ማድረስ የሚያስፈልገው፤ የሚመለሰውን ከማይመለሰው የሚለየው እርሱ ነውና።

ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ፣ ዕድሩም ቢሆን፣ ከማዱራዩ ሆስፒታል አንድ ነገር ሊማሩ ይችላሉ። ለሞተው ድንኳን የምንተክል፣ ንፍሮ የምንቀቅል ሰዎች፣ በሕይወት ሳለ ማየት ለተሳነው ጎረቤታችን የመጓጓዣና የስንቅ ዋጋ ማዋጣት አያቅተንም። አብሮት የሚሄድ አንድ ጎልማሳ መመደብም ቀላል ነው።

ነጋዴ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ በየዓመቱ ሒሳባችሁን ስትዘጉ፣ ትርፉንና ኪሳራውን ከቈጠራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «ወደ ሱቄ ደጃፍ መጥቶ ዋጋ ሰምቶ የተመለሰው ሰው ማን ነው? እርሱ የሚገዛበትንስ መንገድ ልሠራ እችላለሁን?» ይህን ጥያቄ ሳይሰለች የሚጠይቅ ነጋዴ፣ ሱቁ ጠባብ ቢሆንም እንኳ፣ የባለ ራእይነትን መንገድ ጀምሯል።

የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ ደግሞ ይህን መጽሔት ካነበባችሁ በኋላ ወደ አረጋዊት እናታችሁ ቅረቡ። ጣቶቻችሁን በፊታቸው ዘርግታችሁ «እማማ፣ ይህ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ካጠራጠራችሁ፣ ወደ ሐኪም የምትሄዱበትን ቀን በዚያው ምሽት ቍረጡ።