የድመት ዓይን ደጋግሞ ሲቆጣ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ድመቷ አንድ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ጠዋት ዓይናር ይጋግርባታል። ከቀናት በኋላ ይተዋታል። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ ያው ይመለሳል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ለምዶት ዝም ይላል፤ ወይም እጁ ላይ ያገኘውን መድኃኒት ያደርግባታል። ሁለቱም የድመቷን ዓይን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ደጋግሞ የሚመለስ ሕመም ያልታወቀ መንስኤ እንዳለው ይናገራልና፣ በሰፊው የሚታመኑትን ነገሮች አንድ በአንድ እንመርምር።

ተረት፦ «አቧራ ገብቶባት ነው፤ በራሱ ይተዋታል።»

እውነቱ፦ አቧራ፣ የከሰልና የዕጣን ጢስ የድመትን ዓይን ማስቆጣታቸው አይካድም። ዓይኗ ደጋግሞ ሲቆጣ ግን ሐኪሞች በቅድሚያ ከሚጠረጥሯቸው መካከል የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ይገኛል። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በግልገልነቷ፣ በማስነጠስና በአፍንጫ ፈሳሽ ይጀምራታል። ከዳነች በኋላም አይለቃትም፤ ወደ ፊት በሚዘረጋው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልኳን ይኖራል። ቤት ስትቀይር፣ አዲስ ድመት ሲመጣባት፣ ስትወልድና ስታጠባ ወይም ሌላ ሕመም ሲያደክማት እንደገና ይነሣል። ክላሚዲያ ፌሊስ የተባለ ባክቴሪያ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ቆብ፣ እንደ ፐርሺያን ባሉ ፊተ ጠፍጣፋ ዝርያዎች ላይ የሚታይ የእንባ ማስወገጃ ችግርም መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተረት፦ «በሻይ፣ በወተት ወይም በጨው ውሃ ማጠብ ይፈውሳታል።»

እውነቱ፦ ሻይም ወተትም ከጀርም የጸዱ አይደሉም፤ ቤት ውስጥ በግምት የተበጠበጠ ጨውም ዓይኗን ያቃጥላል። ዓይናሩን ለማንሳት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኖርማል ሳላይን፣ ካልተገኘም ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ በጎዝ ነክሮ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ መጥረግ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጎዝ ያዙ። ይህ ግን ጽዳት እንጂ ሕክምና አይደለም።

ተረት፦ «ለሰው የታዘዘ የዓይን መድኃኒት ለድመትም ይሆናል።»

እውነቱ፦ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። በትራኮማ ዘመቻ ምክንያት በአገራችን በደንብ የሚታወቀው ቴትራሳይክሊን ቅባት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠቃም። መንስኤው ክላሚዲያ ፌሊስ ሆኖ ሲገኝ እንኳ ሐኪሞች የሚመርጡት በአፍ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል፣ አብረው ለሚኖሩት ድመቶች ጭምር ይታዘዛል። ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ እንዳያቆስላት ውሃ ማስከተል ያስፈልጋል።

እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ደግሞ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፉ የዳነች ያስመስላሉ። ኮርኒያ በሚባለው የዓይኗ ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ላይ ቁስል ካለ ግን ቁስሉን ያባብሳሉ፤ ቫይረሱንም ይቀሰቅሳሉ፤ ዓይኗ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ቁስል ያለበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ለሰው ሄርፐስ የሚሰጠው ቫላሳይክሎቪር ድመትን ይገድላል። ለድመት የሚመረጠው ፋምሳይክሎቪር ነው፤ እርሱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

ተረት፦ «ላይሲን ብትወስድ አይመለስባትም።»

እውነቱ፦ ይህ ማሟያ ለዓመታት ሲመከር ቆይቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ ግን እንደማይጠቅም አሳይቶ መሰጠቱ እንዲቆም መክሯል። ገንዘቡን ለምርመራ ማዋል ይሻላል።

ተረት፦ «ከተከተበች ፈጽሞ አይነካትም።»

እውነቱ፦ ክትባቱ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ ቫይረሱ እንዳይገባ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ አስቀድሞ የተደበቀውንም አያስወጣም። ያም ሆኖ ለግልገሎች በጣም ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ሕመሙ ልጆችን ስለሚይዝ ድመቷ ከቤት መውጣት አለባት።»

እውነቱ፦ የድመት ሄርፐስ ሰውን አይዝም። ክላሚዲያ ፌሊስ ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ከነካችኋት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ጥሩ መከላከያ ነው። ሕመሙ በቀላሉ የሚጋባው ወደ ሌሎች ድመቶች ነው፤ ስለዚህ ሲነሣባት የመብያ ዕቃዋን ለዩ።

ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ቀኑንና በዚያ ሰሞን በቤት ውስጥ የተለወጠውን ነገር መዝግቡ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። የምግብ ሰዓቷን አታዛቡ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ስጧት፣ ከጢስ አርቋት። ዓይኗን ጭራሽ መግለጥ ካቃታት፣ ብሌኗ ከደፈረሰ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ምግብ ከተወች ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የኮርኒያ ቁስል በጊዜ ከታከመ ይድናል፤ ከዘገየ ግን ዓይኗን ሊያሳጣት ይችላል።