ነፍስ አድን ፍላሽ፦ ቅጂውና አያያዙ

ኮምፒውተራችን አልነሣ ባለ ጊዜ በውስጡ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ስርዓተ ክወናው እንጂ ሃርድ ዲስኩ ስላልሆነ፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥተን ፋይሎቻችንን ልናወጣ እንችላለን። ለዚህ ተግባር የተሰናዳውን ፍላሽ «ነፍስ አድን» እንበለው። ይሁንና አዳኙ ራሱ ሲበላሽ በምን እንተካዋለን?

ፍላሽ መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ፍላሹ ሳይሰካ ለዓመታት ሲቀመጥ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይሾልካል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አንድ ፍላሽ ዋስትና አይሆንም፤ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ አይበቃምን? በባዮስ ለሚነሡ ኮምፒውተሮች አይበቃም። ባዮስ በቅድሚያ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት ነው። ይህ ሴክተር ፋይል ስላልሆነ በተራ ግልበጣ አይተላለፍም። ዩኢኤፍአይ ያላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ግን የማስነሻ ፋይሉን «ኢኤፍአይ» ከተባለው ፎልደር ስለሚፈልጉ፣ በፋት 32 በተሰናዳ ፍላሽ ላይ ግልባጩ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ለሁለቱም የሚበጀው ፍላሹን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ የሚቀዳ ኢሜጅ ነው። በሊኑክስ «ዲዲ» የተባለው ትእዛዝ ይህን ይፈጽማል። ምንጩንና መድረሻውን ያቀያየረ ሰው ግን ሊያድነው የፈለገውን ዲስክ በገዛ እጁ ይደመስሳልና፣ የዲስኮቹን መጠን አስቀድመን እናመሳክር።

ኢሜጁን በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑረን በሻ-256 ዘዴ የተሰላውን የማረጋገጫ ቁጥሩን ከጎኑ እንመዝግብ። በሌላ ጊዜ ስናሰላው ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉ ተለውጧል ማለት ነው።

መሣሪያዎቻችን ብዙ ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቬንቶይ የአይኤስኦ ፋይሎቻቸውን በአንድ ፍላሽ ላይ ይዞ ከዝርዝር ያስመርጠናል። ዲስክ የሚቀዳውን ክሎንዚላን፣ ሜሞሪ የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86 ፕላስን፣ ለፋይል ማውጫ የሚያገለግለውን ሲስተም ሬስኪውን በየፎልደራቸው እናደራጅ፤ የወጡበትንም ዓመት በስማቸው ላይ እንጨምር።

ነፍስ አድኑን ለተራ ፋይል ማመላለሻ አናውለው፤ በየኮምፒውተሩ የሚሰካ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በየመንፈቁም አንድ ጊዜ ደህና ኮምፒውተር እናስነሣበት። ችግሩን በዚያን ዕለት ካወቅነው ከኢሜጁ አዲስ ፍላሽ ለማዘጋጀት ጊዜ ይኖረናል።