የፀሐይ ዳርቻው ሣር ውኃ ከየት ያገኛል?

ስለ ሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የአየር ጠባይ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን የራሳችን ቃል ነው። ክረምት ስንል ተማሪው ሐምሌንና ነሐሴን፣ ዝናብንና ጭቃን ያስባል። በደቡብ ስፔን ግን ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው፣ ዝናብ ከስንት አንዴ ብቻ የሚታይባቸው ወራት ናቸው፤ ዝናቡ የሚመጣው ብርድ በሚሆንበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ልዩነት በምሳሌ ለማስረዳት እንዲያመች፣ ኮስታ ዴል ሶል ማለትም «የፀሐይ ዳርቻ» ስለሚባለው የስፔን ጠረፍና በዚያ ስለ ተዘረጉት የጎልፍ መጫወቻ ሜዳዎች በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቦታው ሁኔታ

ኮስታ ዴል ሶል በአንዳሉሲያ ክልል፣ ከማላጋ ከተማ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የባሕር ጠረፍ ነው። በስተ ሰሜን የተደረደሩት ተራሮች ከመሐል አገር የሚመጣውን ብርድ ይከላከሉለታል። ማላጋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 500 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ቶሬሞሊኖስ፣ ፉኤንጂሮላና ማርቤያ በዓሣ ማጥመድና በእርሻ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚኖሩባቸው ትናንሽ ቦታዎች ነበሩ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን ከሰሜን አውሮፓ በአይሮፕላን የሚመጣው እረፍት ፈላጊ በመብዛቱ ጠረፉ በሆቴሎች ተሞላ።

ጨዋታው ከየት መጣ?

ጎልፍ ተጫዋቹ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት፣ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ የሚያስገባበት ጨዋታ ነው። ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ዳር ነው። በዚያ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ስለማይቋረጥ ሣሩ በራሱ ይበቅላል፤ የሚያሳጥሩትም በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ። ስለዚህ ጨዋታው ሲጀመር ሣር ማጠጣት የሚባል ጣጣ አልነበረበትም። ጣጣው የመጣው ጨዋታው ከእርጥብ አገር ወደ ደረቅ አገር ሲሻገር ነው።

በኮስታ ዴል ሶል የመጀመሪያው ሜዳ በማላጋ አጠገብ የተከፈተው በ1925 ነው። በ1964 አሜሪካዊው የሜዳ ንድፍ ባለሙያ ሮበርት ትሬንት ጆንስ የሶቶግራንዴን ሜዳ ሠራ። በ1997 ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ የሚወዳደሩበት የራይደር ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብሪታንያ ደሴቶች ውጭ በአውሮፓ ምድር ሲካሄድ፣ የተመረጠው የቫልዴራማ ሜዳ ነበር። ዛሬ በአካባቢው ከ70 በላይ ሜዳዎች አሉ።

ይህን ያህል የበዙበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለመዋኘት የሚመጣው እንግዳ በሞቃቶቹ ወራት ብቻ ሲመጣ፣ ጎልፍ ተጫዋቹ ግን አገሩ በብርድ ሲያዝ ይመጣል፤ ሆቴሎቹም ሠራተኞቻቸውን ሳያሰናብቱ ሊቆዩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ አረንጓዴ መስክ ፊት ለፊት የተሠራ ቤት በውድ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሜዳው የሚዘረጋው በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ለመሸጥ ነው።

የውኃው ሒሳብ

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ውኃ ቢፈስ አንድ ሊትር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ነው ማለት ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በሐምሌ ወር ሣሩ የሚያተነውና በማጠጣት ጊዜ የሚባክነው ተደምሮ በቀን 5 ሚሊሜትር ይሁን፤ የሚጠጣው ሣርም 30 ሄክታር ይሁን። ውጤቱ በቀን 1,500,000 ሊትር ይመጣል። አንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ይጠቀማል ብንል፣ ይህ የ10,000 ሰዎች የአንድ ቀን ውኃ ነው።

ውኃው ከጉድጓድ ቢወጣስ? በባሕር አጠገብ የከርሰ ምድር ውኃ ያለ ልክ ሲቀዳ፣ የጨው ውኃ ከባሕሩ እየሰረገ ባዶውን ስፍራ ይይዛል። አንዴ ጨው የገባበት ጉድጓድ ደግሞ በቀላሉ አይድንም።

መፍትሔውና ጉድለቱ

የአንዳሉሲያ አስተዳደር በ2008 ባወጣው ደንብ የጎልፍ ሜዳዎች ከከተማ የሚወጣውንና ታክሞ የተጣራውን ፍሳሽ እንዲጠቀሙ ወሰነ። ይህ ውኃ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ስላለበት የማዳበሪያ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ጨውም አለበት፤ ጨውም በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ጨውንና ድርቅን የሚችል ሣር ያስፈልጋል። ለዚህ የተመረጠው እኛ አገር በየመንገዱ ዳር የምናውቀው ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር እየተዳቀለ የተገኙት ዝርያዎች በሞቃት አገር ጎልፍ ሜዳዎች በብዛት ይተከላሉ። ይሁን እንጂ ሰርዶ ብርድ ሲመጣ ይገረጣል፤ የጎልፍ እንግዳ የሚበዛው ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ አንዳንድ ሜዳዎች በላዩ ላይ ብርድ የሚወድ ሌላ ሣር ይዘራሉ።

ፍሳሹ ታክሞ ከዋለ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው? አላበቃም። በ2023 መጨረሻ በማላጋ ምሥራቅ ያለው የላ ቪኙዌላ ግድብ ውኃ በድርቅ ምክንያት ከይዘቱ 10 በመቶ በታች ወረደ። አቮካዶና ማንጎ የሚያመርቱ ገበሬዎች የመስኖ ውኃ አጡና እነሱም የታከመውን ፍሳሽ መጠየቅ ጀመሩ። በ2025 ጸደይ ጥሩ ዝናብ ቢዘንብም ጥያቄው አልተፈታም፤ ማንም የማይፈልገው ይባል የነበረው ውኃ ፈላጊ በዝቶበታልና።

በእኛ አስተያየት የጎልፍ ሜዳውን በደፈናው መኮነንም ሆነ ማሞገስ አይበቃም። ከዚያ ሣር እንጀራ የሚበላው አትክልተኛና የሆቴል አስተናጋጅ አለ፤ ዛፉ የደረቀበትም ገበሬ አለ። መመዘን የሚገባው እያንዳንዱ ሊትር ለማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየት ተቀድቶ እንደሚሰጥ ነው።

ለክፍል ውይይት

1. የትምህርት ቤታችሁን ግቢ ስፋት ለክታችሁ፣ ሣር ቢተከልበት በደረቁ ወራት በቀን ስንት ሊትር እንደሚያስፈልገው አስሉ።
2. ያ ውኃ በአካባቢያችሁ ከየት ሊመጣ ይችላል? ሲመጣስ ከማን ላይ ይቀነሳል?