የአረጋውያን መሠረታዊ ጤና አገልግሎትና የመንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። በአካባቢው ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ጎን ለጎን የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች አገልግሎት ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ የተቋማቱ ጎን ለጎን መኖር ብቻውን አረጋውያንን ተጠቃሚ አያደርግም።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት አረጋዊ ዕድሜ ልኩን ክትትልና መድኃኒት ይሻል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ለመግዛት ይገደዳል፤ አቅም ካነሰው ሕክምናውን ያቋርጣል። የዚህም ውጤት በአንጎል፣ በልብና በኩላሊት ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ የግሉ ወገን በረጅም ጊዜ ውል የመንግሥትን ሥራ እንዲያከናውንና ኃላፊነቱንም እንዲጋራ መንገድ ከፍቷል። አዋጁ በይበልጥ የሚያመቸው ለታላላቅ ፕሮጀክቶች ሲሆን፣ ለጤና ጣቢያና ለመድኃኒት ቤት ትብብር ግን ቀለል ያለ የአገልግሎት ግዢ ውል ይበቃል።

ለዚህም መሠረቱ አለ። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መንግሥት መድኃኒቱን በነፃ እያቀረበ የተመረጡ የግል ተቋማት ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተዋል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመርም በኦሮሚያ ክልል ከተመረጡት አንዱ ከሱሉልታ ወደ ሰሜን በዚሁ መንገድ የሚገኘው የኩዩ ወረዳ ነበር። በመድኅኑ አሠራር መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል።

በመሆኑም መድኅኑ ከግል መድኃኒት ቤት ጋር ውል ሲገባ ሦስት ጉዳዮች በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል። አንደኛው የመድኃኒቶቹ ዝርዝርና ዋጋ ነው። ሁለተኛው የክፍያው ጊዜ ሲሆን፣ ሒሳቡ ከዘገየ መድኃኒት ቤቱ የመድኅኑን አባላት መመለሱ አይቀርም። ሦስተኛው ቁጥጥር ነው፤ ያላስፈላጊ መድኃኒትና የተጋነነ ዋጋ እንዳይኖር ማዘዣዎች ሊመረመሩ፣ የሕሙማኑም መረጃ ወደ ጤና ጣቢያው ሊመለስ ይገባል።

የአጋርነቱ ስኬት የሚለካው በተፈረመው ውል ብዛት ሳይሆን፣ አረጋውያን ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ መከታተል በመቻላቸው ነው። ይህንንም በየጊዜው መርምሮ ማረጋገጥ ከየደረጃው የጤና ኃላፊዎች የሚጠበቅ ተግባር ነው።