ለባዕድ ልጅ በሯን የከፈተች ከተማ

በርሊንግተን በአሜሪካ በቬርሞንት አገር በሻምፕሌይን ሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። የሕዝቧ ቍጥር በፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. 45 ሺህ ያህል ነበር፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከተማይቱ ትንሽ ብትሆንም ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የቤዝቦል መጫወቻ ሜዳ አላት። የዚህን ሜዳ ነገር በቤተሰብ ገጻችን ልንጽፍ የወደድነው ስለ ኳሱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ከተማይቱ ቤቶች ደግነት ጭምር ነው።

ቤዝቦል እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ነው፤ ነገር ግን ኳሱ በምድር የሚንከባለል ሳይሆን ከተቃራኒው ወገን በእጅ የሚወረወር ነው። የመታውም ሰው አራቱን ማዕዘን በሩጫ ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ይቈጠራል። ያ የመነሻና የመመለሻ ስፍራ በቋንቋቸው «ቤት» ይባላል።

ሜዳው ሴንቴኒያል ይባላል፤ ይኸውም የመቶ ዓመት መታሰቢያ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት የቬርሞንት ዩኒቨርሲቴ የመጀመሪያ ተማሪዎች በ1804 የተመረቁበትን ለማስታወስ ነው። በ1906 ሚያዝያ ወር የዩኒቨርሲቴው ልጆች በዚሁ ሜዳ ከሜይን ዩኒቨርሲቴ ጋራ ተጫውተው 10 ለ4 አሸነፉ። የእንጨቱ መቀመጫ በ1913 ቢቃጠልም፥ በ1922 በሲሚንቶና በብረት የጸና መቀመጫ ተሠራ።

ከዚህ ሜዳ ከወጡት ልጆች አንዱ ላሪ ጋርድነር ነው። በ1912 የቦስተን ቡድን ታላቁን ዋንጫ ሲወስድ፥ የማሸነፊያውን ነጥብ ያስገኘው የርሱ ምት ነበር። ስሙ ከገነነ በኋላም ወደ በርሊንግተን ተመልሶ የዩኒቨርሲቴውን ልጆች ብዙ ዘመን አስተማረ።

ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቴው ገንዘብ ስላጠረው በ2009 የቤዝቦል ቡድኑን አፈረሰ። ሜዳው ግን ባዶ አልቀረም፤ በደመወዝ የሚጫወቱ ወጣቶች ቡድን ይጫወትበት ነበርና። ታላላቆቹ ማኅበሮች ከ2020 በኋላ የታናናሾቹን ቡድኖች ቍጥር ሲቀንሱ ይኸኛውም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። በዚህ ጊዜ ቡድኑ በ2021 የኮሌጅ ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወደሚጫወቱበት ማኅበር ገባ፤ በዚያው ዓመትም ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ሆኖ ሜዳው ወደ ተማሪዎች ተመለሰ።

እነዚህ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ኮሌጆች የሚመጡ ናቸው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ይጫወታሉ፥ ደመወዝም የላቸውም። ታዲያ ወዴት ያድራሉ ቢባል፥ የከተማው ቤተሰቦች አንድ አንድ ክፍል እየለቀቁ እንደ ልጆቻቸው ይቀበሏቸዋል። ሌሊት ከጨዋታ ደክሞ ለሚመጣው እራት ያቈዩለታል፤ ማታም መቀመጫው ላይ ተሰልፈው በስሙ እየጠሩ ያበረታቱታል። የቤቱም ሕፃናት ታላቅ ወንድም ያገኙ ያህል ይደሰታሉ።

እንግዳ መቀበል ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የበርሊንግተንን እናቶች ሥራ አንባቢዎቻችን በቀላሉ ያስተውሉታል። ሜዳን መሐንዲስ ይሠራዋል፤ ባዕዱ ልጅ ግን ሮጦ የሚመለስበትን ቤት የሚያገኘው ከነዚህ እናቶች ነው።