ባለቤቱ ሲከሰስ ክለቡ ምን ይሆናል?

ኳስ ስናይ ዓይናችን ተጫዋቹ ላይ ነው። ሲከፋን አሰልጣኙን እንወቅሳለን። የክለቡን ባለቤት ግን ብዙም አናስታውሰውም፤ ስሙን የምንሰማው አንድም ክለቡን ሲገዛ አንድም ፖሊስ ሲይዘው ነው። ዛሬ የምናነሳው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአርሰናል ደጋፊዎች ቁስላችሁን ብንነካ አትቀየሙን። በፌብሩዋሪ 2011 በዌምብሌይ የሊግ ካፕ ፍጻሜ በ89ኛው ደቂቃ በረኛውና ተከላካዩ ሳይግባቡ ቀሩና ኳሷ ለናይጄሪያዊው ኦባፌሚ ማርቲንስ ደረሰች። እሱም ባዶ መረብ ውስጥ ከተታት። በርሚንግሃም ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ከ1963 ወዲህ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫው ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። በሜይ ወር ክለቡ ከፕሪምየር ሊግ ወረደ። በጁን መጨረሻ ደግሞ በ2009 ክለቡን የገዛው ካርሰን የንግ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተያዘ። ሰውየው ድሮ ፀጉር አስተካካይ የነበረ ባለሀብት ነው። ክሱ ከ720 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሕገወጥ ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሏል የሚል ነበር። እሱ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ክስ ፍርድ አይደለም። ሰው ሳይፈረድበት ጥፋተኛ መባል ምን እንደሆነ እኛ ስደተኞች ለማንም አስረዱን አንልም። ስለዚህ በተከሰሰ ማግስት ክለቡን መንጠቅ አይቻልም ነበር። ችግሩ ግን ፍርድ ቤት የሰውየውን ሀብት ሲያግድ የክለቡም ጉሮሮ አብሮ ታነቀ። የሒሳብ ሪፖርቱ በጊዜው ስላልቀረበ ሊጉ የዝውውር እገዳ ጣለበት። በረኛው ጃክ በትላንድ በ2013 ለስቶክ ተሸጠ። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» ማለት ይህ ነው፤ ትኬት ቆራጩም፣ ሣር አጫጁም፣ ደጋፊውም ያልሠሩትን ዕዳ ከፈሉ።

በማርች 2014 የንግ ጥፋተኛ ተባለና ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከሁለት ወር በኋላ በርሚንግሃም በመጨረሻው ቀን ቦልተን ላይ 2 ለ 0 ተመርቶ ወደ ሦስተኛው ሊግ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ሁለት ጎል አገባ። ሁለተኛዋን ፖል ካዲስ በጭማሪ ሰዓት በግንባሩ አስቆጠረ። በጎል ልዩነት ብቻ ተረፉ! ክለቡ አዲስ ባለቤት ያገኘው ግን በ2016 ነው።

የፖርትስማውዝ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤቱ ቭላድሚር አንቶኖቭ በኖቬምበር 2011 በባንክ ገንዘብ ጉዳይ ለንደን ውስጥ ሲያዝ ክለቡ በወራት ውስጥ ከሰረ፤ አሥር ነጥብም ተቀነሰበት። ደጋፊዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እንደ ዕድር አዋጥተው፣ አንዱን ድርሻ በ1,000 ፓውንድ እየገዙ፣ በ2013 ክለቡን የራሳቸው አደረጉት። እስከ 2017ም ይዘውት ቆዩ።

ቀድሞ የእንግሊዝ ደንብ በዋናነት የሚያግደው የተፈረደበትን ሰው ነበር። የታይላንዱ ታክሲን ሺናዋትራ በሀገሩ በሙስና ተከሶ ሳለ በ2007 ማንቸስተር ሲቲን የገዛው በዚህ ምክንያት ነው። በ2008 ሸጦት እንደወጣ ተፈረደበት። በ2023 ግን ፕሪምየር ሊጉ ደንቡን አጠበቀ፤ በከባድ ጉዳይ ምርመራ ላይ ያለን ሰውም ማገድ እንዲቻል ሆነ። በ2025 ደግሞ የሀገሪቱ ፓርላማ የባለቤቶችን ማንነት የሚመረምር ገለልተኛ ተቆጣጣሪ በሕግ አቋቋመ።

እንግዲህ «ክለባችንን ቢሊየነር ገዛው» ተብሎ ስንጨፍር፣ ገንዘቡ ከየት መጣ ብለንም እንጠይቅ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንዳይሆንብን።

ቸር እንሰንብት።