«ኡኡ» ስትል ማን ይወጣላታል? ስለ እኅቶቻችን ደኅንነት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ማብራሪያ

ሸዋ በር በሐረር ጁገል ግንብ ላይ ከጥንት ጀምሮ ከነበሩት አምስት በሮች አንዱ ነው፤ የከተማዋ ነባር ነዋሪዎች በቋንቋቸው አስማዲን በሪ ይሉታል። በቀድሞው ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይቆለፉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። ዛሬ በሩ ሌሊትም ክፍት ነው። በደጁ ባለው ገበያ አትክልት፣ ቅመምና ማገዶ ይዘው የሚቀመጡት አብዛኞቹ እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ከቤታቸው ይወጣሉ፣ ከመሸ በኋላ የዕለቱን ገንዘብ በመቀነታቸው ቋጥረው ይመለሳሉ። ከምእመናኑ ወገን የሆኑት ደግሞ ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች የሚያልፉ ናቸው።

ከእነዚህ እናቶች ጋር ስለ ደኅንነታቸው ለመነጋገር በተቀመጥንበት ቀን በመጀመሪያ የተሳሳትነው እኛ ነበርን። የካራቴ አሠልጣኝ ይዘን ሄድን። ወጣቱ በቅን ልቡና እግሩን እስከ ደረቱ እያነሣ አሳየ፤ እናቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። በጀርባዋ ልጅ ያዘለች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ቀሚስ የለበሰች እናት ይህን እንዴት ታድርገው? ሳቁ ሲበርድ አንዲት በዕድሜ የገፉ ቅመም ነጋዴ «ልጄ፣ እኛ መምታቱ አይደለም የቸገረን» አሉን። «‹ሌባ!› ብዬ ብጮኽ ገበያው ሁሉ ይነሣልኛል። ‹ያዘኝ፣ ልቀቀኝ› ብዬ ብጮኽ ግን የባልና የሚስት ጠብ ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።» ከዚያ በኋላ ያደረግነው ውይይት ሁሉ የተመሠረተው በእኒህ እናት ቃል ላይ ነው።

ችግሩ የጥቂቶች እንዳልሆነ ማወቅ ለሰበካ ጉባኤ አባላት ይጠቅማል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 23ቱ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ ከመቶ 10ሩ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸውም ውስጥ ከመቶ 66ቱ ለማንም አልተናገሩም፣ ርዳታም አልጠየቁም። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 ብቻ ናቸው። ተመቺዋ ከመቺው ይልቅ ለዱላው ምክንያት የምታገኝለት ከሆነ፣ ይህን ማን አስተማራት ብለን መጠየቅ ይገባናል፤ በዐውደ ምሕረት የምንናገረውም ከመልሱ ውጭ አይመስለንም።

ራስን መከላከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድብድብን ነው። በካናዳ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች በ900 ያህል ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያመለክታል። በአራት ክፍል የተከፈለና 12 ሰዓት የሚወስድ ትምህርት ያገኙት ተማሪዎች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈጸመው የመደፈር አደጋ ከመቶ 5.2 ሲሆን፣ በራሪ ጽሑፍ ብቻ በተሰጣቸው ላይ ከመቶ 9.8 ነበር። የትምህርቱ ትልቁ ክፍል አደጋን ቀድሞ ማወቅ፣ በሚያውቁት ሰው ፊት «እንቢ» ለማለት የሚያሳፍረውን ነገር ማሸነፍ፣ ከዚያም ድምፅንና ሰውነትን መጠቀም ነው። በሚያውቁት ሰው ፊት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጥቂው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አሠሪ ወይም የትዳር ጓደኛ ነውና። ሴት ልጅን «በጨለማ አትሂጂ» ብሎ ብቻ መምከር ታዲያ ከቤት ውስጥ አደጋ አያድናትም።

በሸዋ በር ከእናቶቹ ጋር የተለማመድነው ጥቂትና ቀላል ነገር ነው። እጅ የተያዘች እንደ ሆነ ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ በያዛት ሰው አውራ ጣት በኩል መመንጨቅ ይቀላል፤ የጭብጥ ደካማው ቦታ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ነውና። ነጠላዋን ከያዘ ነጠላውን ትተውለት። ቅርብ ከሆነ ክርንና ጉልበት ከቡጢ ይበልጣሉ፤ ዐይን፣ ጉሮሮ፣ ጉልበትና ብልት የማንም ሰው ደካማ ስፍራዎች ናቸው። ዓላማው ማሸነፍ አይደለም፤ ለመሮጥ የሚበቃ ጊዜ ማግኘት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ድምፅ ይቀድማል። በሸዋ በር ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛ ይሰማል፤ «ኡኡ» ግን ተርጓሚ የማያሻው ነው። መጮኽም መለማመድ የሚፈልግ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ከልጅነታቸው «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ተብለው ያደጉ እናቶች በመጀመሪያው ሙከራ ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ አላወጡም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ካህን አባታችን ጥያቄ አነሡ፤ ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 በሜዳ የተደፈረች ልጅ ብትጮኽም የሚያድናት ስላልነበረ በደል የለባትም ተብሏል፤ በከተማ ውስጥ ሆና ያልጮኸችው ግን ከሰውየው ጋር ትቀጣለች ይላል። «እንግዲህ ዝም ያለችውን ምን እንበላት?» አሉ።

በመጀመሪያ፣ ሕጉ ስለ ሜዳይቱ ልጅ የሚናገረውን እናስተውል። መጮኽዋን የሰማ ምስክር ሳይኖር ሕጉ ጮኻለች ብሎ ይቀበላታል፤ የደረሰባትንም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ ከሚገድለው ጋር ያመሳስለዋል። ጥርጣሬው ለእርሷ ተደርጓል። በሁለተኛ ደረጃ፣ በከተማ የጮኸች ሁሉ እንደማትታመን ከመጽሐፈ ሶስና እንማራለን። ሶስና በገዛ የአትክልት ስፍራዋ ጮኻለች፤ ሽማግሎቹም ጮኹ፤ ጉባኤው የሰማው ግን የሽማግሎቹን ቃል ነው። ያዳናት ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ መጠየቁ ነበር። በካልእ ነገሥት ዘሳሙኤል ትዕማር ወንድሟን አምኖንን በቃል ለመነችው፣ ተከራከረችው፤ ከተደፈረች በኋላም አመድ ነስንሳ እየጮኸች ስትሄድ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት። ጉዳዩን በቤት ውስጥ ለመሸፈን የተደረገው ምክር ወዴት እንዳደረሰ ምዕራፉን እስከ መጨረሻ ያነበበ ያውቀዋል፦ በሁለት ዓመቱ አምኖን ተገደለ፣ ቤተ ዳዊትም ተናወጠ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሰው ተፈጥሮ ራሱ ይመሰክራል። በስዊድን ስቶክሆልም ከተደፈሩ በኋላ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ በመጡ 298 ሴቶች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ከመቶ 70ዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ደርቆ መንቀሳቀስም ሆነ መጮኽ እንዳቃታቸው ተገልጿል። ይህ ፈቃድ አይደለም፤ በድንጋጤ የሚመጣ የሰውነት መታሰር ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት የተደፈረችን ልጅ «ለምን አልጮኽሽም?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ኃጢአተኛ ቀኖና መስጠት የለበትም ብለን እናምናለን። በደል የተፈጸመባት ናት እንጂ በደል የፈጸመች አይደለችም።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ ካልቻለ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ የተከላከለው ሰው አይቀጣም። ራስን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ሰው መከላከልም ተፈቅዷል። በአንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈው መከላከል ጥቃቱ ካስከተለው ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የመጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርግ ይችላል። ለእናቶቹ ይህን ስናስረዳ «ወደቀ ወይም ሸሸ ከሆነ አቁሚና ሩጪ» ብለን ነው፤ መመጣጠን የሚባለው ቃል በመንገድ ላይ ሲተረጎም ይህንኑ ይመስላል።

ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ሰዎች ተጠለፈች፣ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሮጥ ተከትሎ የደረሰባትን ጠላፊ በያዘችው ጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተከራከረላት፤ ጠበቃዋም በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። ቃሉ በአማርኛችን የልብ ብርታትንም መደፈርንም መያዙ ለሰባክያን ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት እንዳይከሰስ ያደርግ ነበር። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ አስገድዶ መድፈር ከታከለበትም ጠላፊው በዚያው ወንጀል ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። በመሆኑም በአንዳንድ አጥቢያ እስከ ዛሬ የምናየው «ያገባትና ይታረቁ» የሚለው ሽምግልና ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ነው። ሽምግልና የተከበረ ነገር ነው፤ ካህን በመካከል ገብቶ ያስታረቀው ጠብ ብዙ ደም አስቀርቷል። ወንጀልን ግን ሽማግሌ ሊሽረው አይችልም። ደግሞም መስቀል ተይዞ የተለመነ ቤተሰብ እንቢ ለማለት አቅም የለውም፤ ይህን ኃይላችንን ልንፈራው ይገባል።

ጥቃት ከደረሰ በኋላ ያሉት ሰዓታት እጅግ ውድ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚነገራት ሰው ወይ የንስሐ አባቷ ወይ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቷ ናት። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ልብሷ በወረቀት እንጂ በፌስታል አይጠቅለል፤ በፌስታል ውስጥ የታፈነ ማስረጃ ይበላሻልና። በሐረር ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። ማንነቷ በጉባኤ አይነሣ፤ «አንዲት እኅታችን» እየተባለም ቢሆን በስብከት አይጠቀስ፤ በትንሽ ከተማ ይህ ስም ከመጥራት አይለይም።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ በርና መጸዳጃ ቤቱ መብራት ይኑራቸው። ለኪዳንና ለማኅሌት የሚመጡ እኅቶች በየሰፈራቸው ተቀጣጥረው በአንድነት ይምጡ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችም ይሸኙ። በጠበል ስፍራ ማንኛዋም ሴት ከአጥማቂ ጋር ብቻዋን በዝግ ክፍል እንዳትቀር በጽሑፍ ይወሰን፤ ይህ ንጹሑን አገልጋይም ከሐሜት ይጠብቀዋል። የታኅሣሥና የሐምሌ 19 የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ጉዞ ሲዘጋጅ የሴቶች ማደሪያ ለብቻው ይለይ፣ የማደሪያው ተጠሪ ሴት ትሁን። በአቅራቢያ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ለምእመናንም ጩኸት ሰምቶ ማለፍ ኃጢአት ብቻ እንዳልሆነ ይነገራቸው፤ በከባድና በቀረበ አደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻሉ አለመርዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ያስቀጣል።

የሸዋ በር እናቶች በመጨረሻው ቀን የራሳቸውን ውል አሰሩ። «ኡኡ» የሰማች ሁሉ ባልም ይሁን ሌባ ሳትጠይቅ ሚዛኗን ትታ ትነሣለች፤ የቀረችው ዕቃ ትጠብቃለች። ሲመሽም በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ተጠባብቀው ይነሣሉ። ከአጥቢያዎቹ አንዱም የደጀ ሰላሙን መብራት ጥበቃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እንዲያበራ ወስኗል፤ ወጪው ከሰበካ ጉባኤው ነው።